የመኪና በር የውስጥ ሽፋን፦ አወላለቁና አገጣጠሙ

ማለዳ ሆሳዕና መናኸሪያ የሄደ ሰው የመኪናውን ብዛት ያያል። በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አለ። ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ሶዶ የሚጭንም አለ። በከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጁ እንደ ንብ ይርመሰመሳል።

ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። ቢያረጁም ባለቤቶቻቸው አይጥሏቸውም፤ ሌላ መግዛት ቀላል አይደለምና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ሲገባ የሚከፈለውን ግብር በጣም ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በሀዲያና በከምባታ ልጁ ወይም ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ደክሞ በላከው ገንዘብ መኪና ገዝቶ የሚተዳደር ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና የቤተሰቡ እርሻ ማለት ነው። እርሻ ካልታረመ አያበላም፤ መኪናም ካልተጠበቀ አያበላም።

ሞተሩን ሁሉም ይጠብቃል። ጎማውንም ያያል። የበሩን የውስጥ ሽፋን ግን ማን ያየዋል? «እሱ ጌጥ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ በምሳሌ እንመልከት።

አንድ ሾፌር

አንድ ሾፌር አለ እንበል። በአሮጌ ቶዮታው ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ሰው ያመላልሳል። የመኪናው የግራ የኋላ በር ከውጭ ይከፈታል፤ ከውስጥ ግን እጀታው ቢሳብ ምንም አይል። ተሳፋሪ ሲጠይቀው፣

«ምን ችግር አለው? እኔ ወርጄ እከፍትላችኋለሁ» ይላል።

እንደዚሁ ስድስት ወር ሄደ። ክረምት ገባ። አንድ ቀን በዝናብ መኪናው ተንሸራተተና በስተቀኝ ካለው ቦይ ገባ። የቀኙ በሮች ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው እንቢ አሉ። ሾፌሩ ግንባሩን ተመትቶ ደንዝዟል። ከፊት ጭስ መውጣት ጀመረ። ከኋላ ሕፃን ያዘለች እናት ተቀምጣ ነበር። በግራ በኩል ያለውን እጀታ ሳበች፤ ደግማ ሳበች፤ በሩ አልተከፈተም። ደግነቱ መንገደኞች ሮጠው ደረሱና ከውጭ ከፈቱላት። መንገደኛ ባይኖርስ?

በማግሥቱ ሾፌሩ ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ሽፋኑን አውልቆ አየ። የተሰበረው ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ፕላስቲክ ነበረች። እጀታውን ከበሩ መንጠቆ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ዘንግ የምትይዘው እሷ ነች።

«ጋሼ፣ ይቺን ፍለጋ ነው ስድስት ወር የፈራሁት?» አለ ሾፌሩ።

«የፈራኸው ሽፋኑን ማውለቅ ነው እንጂ እሷን መች አየሃት» አለው መካኒኩ።

እውነቱን ነው። ብዙ ሰው ሽፋኑ እንዳይሰበር ስለሚፈራ ከበስተጀርባው ያለውን ብልሽት ተሸክሞ ይኖራል። አወላለቁን የሚያውቅ ግን አይፈራም።

ሽፋኑ ምን ይሠራል?

የመኪና በር ሁለት ገጽ አለው። የውጪው ገጽ ቀለም የተቀባው ላሜራ ነው። በውስጥ በኩል ደግሞ ብዙ ቀዳዳ ያለበት ሌላ ላሜራ አለ። በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ አለ። መስታወቱ ሲወርድ የሚገባው እዚያ ነው። መስታወቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው መሣሪያ፣ የበሩ መንጠቆ፣ ዘንጎቹና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹም እዚያ ናቸው። የውስጥ ሽፋኑ እነዚህን ሁሉ ከተሳፋሪው እጅና ልብስ ይለያል። ድምፅና አቧራም ይቀንሳል።

በአሮጌ መኪናዎች ሽፋኑ የሚሠራው ከተጨመቀ የእንጨት ፋይበር ነው። ላዩ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ይለብሳል። ይህ ዓይነቱ ውሃ ከነካው እንደ ረጠበ ካርቶን ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹም ይቀደዳሉ። በአዳዲሶቹ ደግሞ ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ውሃ አይፈራም፤ ብርድ ላይ ግን ይሰበራል። እንደ ሆሳዕና ባለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አገር የክረምት ጧት ብርዱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሽፋን የሚወልቀው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ፀሐይ ከሌለ መኪናውን ቤት ውስጥ አስገብቶ ማቆየት ይጠቅማል።

ምን ያስፈልጋል?

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁጥር 10 ቁልፍ፣ ንጹሕ ቁራጭ ጨርቅና ትንሽ ጣሳ ይበቃል። ከዚህ ሌላ ሽፋኑን ከላሜራው የሚያላቅቅ ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልጋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ መሣሪያ ገበያ አለ። ከሌለ ቀርከሃ ወይም ጠንካራ እንጨት እንደ ማንኪያ እጀታ አሳስቶ መጥረብ ነው። ባዶ ካቻቢቴ ቀለም ይልጣል፤ ፕላስቲክም ይወጋል። ሌላ ከጠፋ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ መጠቀም ይቻላል።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ሥራ ወደ አገራችን ሲገባ ስሙንም ይዞ ገብቷል። ቃሉ የሰው ቢሆንም ሙያው ዛሬ የራሳችን ነው።

ከመጀመር በፊት

የኋላ በር ከውስጥ እምቢ ካለ ሽፋን ለማውለቅ አትቸኩሉ። በሩን ከውጭ ከፍታችሁ የበሩን ጠርዝ እዩ። በመንጠቆው አጠገብ ትንሽ ምላስ ወይም የምትዞር ነገር ትኖራለች። ይህች የሕፃናት መቆለፊያ ነች። ልጆች በጉዞ ላይ በሩን እንዳይከፍቱ ከውስጥ ያለውን እጀታ ሥራ ታስፈታለች። አንድ ሰው ሳያውቅ ነክቷት ይሆናል። እሷን መልሶ መሞከር ነው። ከተከፈተ ሥራው አልቋል። ብሎን መፍታትም፣ ብር ማውጣትም የለም።

ካልተከፈተ የሚከተለውን አድርጉ። መስታወቱን እስከ ላይ ዝጉ። መስታወቱ የሚወጣው በእጅ በሚዞር እጀታ ከሆነ፣ መስታወቱ ተዘግቶ ሳለ እጀታው ወዴት እንደሚያመለክት ልብ በሉ። ሲመለስ እንደዚያው መሆን አለበት። አለዚያ የሾፌሩን ጉልበት ይመታል። ስልክ ያለው ሰው ሥራው ሳይጀመር ፎቶ ቢያነሣ መልካም ነው። በሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ደግሞ ቁልፉን አጥፍቶ፣ ከባትሪው ላይ የኔጌቲቩን ገመድ በቁጥር 10 ቁልፍ ፈትቶ ማራቅ ያስፈልጋል። የኔጌቲቭ ምልክቷ የመቀነስ ምልክት ነች።

አወላለቁ

አንደኛ፦ ብሎኖቹ ይፈታሉ። የሚታዩ አሉ፤ የሚደበቁም አሉ። የሚደበቁት ብዙ ጊዜ በሦስት ቦታ ነው። አንዱ በሩን ስንዘጋ የምንይዘው እጀታ ውስጥ ነው። ሌላው ክንድ በሚያርፍበት ሥር ነው። ሦስተኛው በሩን ከውስጥ በምንከፍትበት እጀታ ዙሪያ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይደረጋል። ክዳኑን በቀጭን ነገር ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። በአሮጌ መኪናዎች በበሩ አናት ላይ ያለችው የመቆለፊያ ራስ በእጅ ተጠምዝዛ ትወጣለች። የተፈታው ሁሉ ጣሳ ውስጥ ይግባ። ረጅሙ ከየት፣ አጭሩ ከየት እንደወጣ ይለይ። ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ውስጥ ያለውን ነገር ሊወጋ ይችላል።

ሁለተኛ፦ መስታወት ማውረጃው እጀታ ይወልቃል። ብዙ ሰው የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። መካከሉ ላይ ብሎን ካለው መፍታት ነው። ብሎን ከሌለው የሚይዘው ከበስተኋላው ያለች እንደ ፈረስ ጫማ የተጠመዘዘች የሽቦ ክሊፕ ነች። በካቻቢቴ አትታገሏት። ቁራጩን ጨርቅ በእጀታውና በሽፋኑ መካከል አስገቡ። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ወዲያና ወዲህ ሳቡ። ጨርቁ ክሊፗን ይይዝና ያስወጣታል። ስትወጣ ተስፈንጥራ ስለምትጠፋ አንድ እጅ ከላይ ይከልክል።

ሦስተኛ፦ ሽፋኑ ከላሜራው ይላቀቃል። በዙሪያው በየስንዝሩ ያህል የፕላስቲክ ክሊፖች አሉ። እንደ ጥንቱ ቮልስዋገን ባሉ አሮጌ መኪናዎች ክሊፖቹ ከብረት የተሠሩ ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው አንዷ ክሊፕ ደካማ ነች፤ ሁሉም ሲተባበሩ ግን ሽፋኑን አጥብቀው ይይዛሉ። ስለዚህ ተራ በተራ ነው የሚላቀቁት። ከታችኛው ማዕዘን ጀምሩ። ጠፍጣፋውን እንጨት በሽፋኑና በላሜራው መካከል አስገብታችሁ ክሊፗ ካለችበት አጠገብ ግፉ። ጧ! ስትል ወደሚቀጥለው እለፉ። ከክሊፗ ርቆ የሚስብ ሰው ሽፋኑን ይቀደዋል፤ ክሊፗም እላሜራው ላይ ትቀራለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አራተኛ፦ ሽፋኑ ወደ ላይ ይነሣል። የላይኛው ጠርዝ በመስታወቱ ሥር ባለው ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወደ ራስ ከመሳብ ይልቅ ወደ ላይ ማንሣት ይሻላል። ከተነሣ በኋላም ዘሎ መሮጥ የለም። ከኋላው ዘንግ፣ ገመድ ወይም የሽቦ ሶኬት ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ምላስ አለው። ምላሱን ተጭኖ ሶኬቱን ይዞ መንቀል ነው። ሽቦውን ይዞ የሚጎትት ሰው ሽቦውን ይበጥሳል።

ላስቲኩን አትጣሉ

ሽፋኑ ሲወልቅ እላሜራው ላይ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ይታያል። የያዘው ጥቁር የሚያጣብቅ ማስቲሽ ነው። ብዙ ሰው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ቀዶ ይጥለዋል። ትልቅ ስሕተት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ በመስታወቱ ላይ እየወረደ በሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በሩ የተሠራው እንዲሁ ነው። ውሃው በበሩ ሥር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲኩ ደግሞ ውሃው ወደ ሽፋኑ እንዳያልፍ ይከለክላል። ላስቲኩ ከሌለ ውሃው ሽፋኑን ያርሰዋል። የፋይበሩ ሽፋን ያብጣል፤ ክሊፖቹ መያዣ ያጣሉ። ከዚያ ውሃው ወደ ወለሉ ወርዶ ምንጣፉን ያረጥባል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ላሜራም ይዝጋል። ባለቤቱ «መኪናዬ ሻገተ፣ ሸተተ» ይላል፤ ያረጠበው ራሱ መሆኑን አያውቅም።

ስለዚህ ላስቲኩ ከማስቲሹ ጋር ቀስ ተብሎ በከፊል ይላቀቅ። ሥራው ሲያልቅ ይመለስ። ከተቀደደ ወፍራም ላስቲክ በልኩ ቆርጦ መለጠፍ ይቻላል። የታችኛው ጫፉ ግን ወደ በሩ ውስጥ መግባት አለበት። ከውጭ ከቀረ ውሃውን ወደ ሽፋኑ ይመራዋል።

በዚያው እግር የበሩን ሥር ቀዳዳዎች እዩ። የጥርጊያ መንገድ አቧራ ከዝናብ ጋር ጭቃ ሆኖ ይደፍናቸዋል። በቀጭን እንጨት መክፈት ነው። የተደፈነ በር ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ቀለሙ ላይ ዝገቱ ሲታይ ላሜራው ተበልቷል ማለት ነው።

ቆጮ፣ ድንች ወይም ሌላ እርጥብ ዕቃ የሚጭኑም ይህን ያስቡ። ከጭነቱ የሚወርደው ውሃ ምንጣፍ ሥር ይተኛል። ከጭነት በታች ሸራ ማንጠፍ፣ ማታ ምንጣፉን አንሥቶ ማድረቅ ከዝገት ያድናል።

አገጣጠሙና ፍተሻው

የተበላሸው ከተሠራ በኋላ ሽፋኑ ወዲያው አይገጠም። በመጀመሪያ መፈተሽ አለበት። ፍተሻው የሚደረገው በሩ ተከፍቶ ሳለ ነው። ይህ በደንብ ይሰመርበት! ዘንጉ ሳይያያዝ በሩ ቢዘጋ ከውስጥም ከውጭም ላይከፈት ይችላል። ያን ጊዜ ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆናል።

በሩ ተከፍቶ ሳለ መንጠቆውን በካቻቢቴ ገፋ አድርጋችሁ እንደተዘጋ አድርጉት። ከዚያ የውስጡን እጀታ ሳቡ፤ መንጠቆው መለቀቅ አለበት። እንደገና ዝጉትና የውጪውን እጀታ ሳቡ፤ አሁንም መለቀቅ አለበት። ቁልፉንም ሞክሩ። መስታወቱን አውጡ፣ አውርዱ። ሁሉም ከሠራ ሽፋኑ ይመለስ።

አመላለሱ ከአወላለቁ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የተሰበሩት ክሊፖች ይቀየሩ። ክሊፕ በመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። አሮጌዋን ለናሙና ይዞ መሄድ ይበጃል፤ መጠኗ ከመኪና መኪና ይለያያልና። እላሜራው ላይ የቀሩ ካሉ በፒንሳ ተነቅለው ወደ ሽፋኑ ይመለሱ። ሶኬቶቹ ይሰኩ፣ ዘንጎቹ ይያያዙ። ከዚያ የሽፋኑ ላይኛ ጠርዝ በመስታወቱ ሥር ባለው ቦይ ላይ ይንጠልጠል። እያንዳንዷ ክሊፕ ከቀዳዳዋ ጋር ትክክል መሆኗ ታይቶ በመዳፍ መታ መታ ይደረግ። እምቢ ካለ ጉልበት አይጨመርም፤ ክሊፗ ተጣማ ይሆናል፤ አውጥቶ ማየት ነው። ብሎኖቹ በየቦታቸው ይግቡ፤ ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ ግን ከልክ በላይ አይጥበቁ። የፈረስ ጫማዋ ክሊፕ በእጀታው ላይ አስቀድማ ትግባ፤ ከዚያ እጀታው በዘንጉ ላይ ተደርጎ በመዳፍ ሲመታ ራሷ ቦታዋን ትይዛለች። ጣሳው ውስጥ ብሎን ከተረፈ ግን ሥራው አላለቀም!

የማይነካ ነገር

ከላይ የተነገረው ስለ በር ሽፋን ነው። ሽፋን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በአዳዲስ መኪናዎች መሪው ውስጥ፣ በዳሽቦርዱ ውስጥ፣ አልፎ አልፎም በጣራው ጠርዝና በወንበሩ ጎን ኤርባግ አለ። ኤርባግ በግጭት ጊዜ ከዐይን ቅጽበት ባነሰ ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚያድን ከረጢት ነው። በሥራ ላይ ሳለ በስሕተት ቢፈነዳ ግን እጅና ፊት ያቆስላል። ሽፋኑ ላይ በላቲን ፊደል «ኤስ አር ኤስ» ወይም «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ወይም ሽቦው ቢጫ ከሆነ፣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባትሪው ተፈትቶ ሊጠበቅ ይገባል። ለምሳሌ ቶዮታ በጥገና መጽሐፉ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ ይላል። በሽቦው ላይ በመብራት መሞከር ክልክል ነው። የሚሻለው ሥራውን ለሚያውቀው መተው ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎችም እየበዙ ነው። የእነዚህ የበር ሽፋን ከሌላው ብዙም አይለይም። ነገር ግን ከወለሉ ወይም ከወንበር ሥር ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ከታየ እጅን መሰብሰብ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ በዚያ ገመድ የሚያልፈው ከ300 ቮልት በላይ ነው። ይህ ይገድላል።

ማጠቃለያ

የመኪና በር ሽፋን በትዕግሥት ይወልቃል፣ በትዕግሥት ይመለሳል። ጉልበት አይፈልግም። ባለቤቱ ራሱ ባያወልቀው እንኳ አሠራሩን ካወቀ ጋራዥ ቆሞ «ላስቲኩ ተመለሰ ወይ? በሩ ሳይዘጋ ተፈተሸ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሾፌርም «እኔ ወርጄ እከፍታለሁ» ማለቱን ይተው። አደጋ ሲመጣ ሾፌሩ ወርዶ ላይከፍት ይችላል። እያንዳንዱ በር ከውስጥ መከፈቱን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ መሞከር የሚወስደው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ያነሰ ነው።

ጥያቄዎች

1. የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ሲል ሽፋኑ ከመውለቁ በፊት ምን መታየት አለበት?
2. ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለው ላስቲክ ቢጣል ምን ምን ይከተላል?
3. መንጠቆው የሚፈተሸው በሩ ተከፍቶ ሳለ የሆነው ለምንድን ነው?
4. በምትሳፈሩበት መኪና ከውስጥ የማይከፈት በር ካለ ለሾፌሩ ምን ትሉታላችሁ? ተወያዩበት።